የበረሃ አበባ ቀጠሮ የለውም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የደጋውን መስክ ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ቀጠሮውን አያጓድልም። በደጋው የክረምቱ ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ ስለሚጥል፣ የአደይ ዘር በዝናቡ በቅሎና አድጎ፣ ሰማዩ ሲጠራ ለማበብ ይደርሳል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው አበባንና የቀን መቁጠሪያን አስተሳስሮ ቢያይ አይፈረድበትም። ወደ በረሃ ሲኬድ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኙት የሞሃቬና የሶኖራ በረሃዎች በአንዳንድ ዓመታት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በአበባ ይሸፈናሉ። ዴዝ ቫሊ፣ ማለትም «የሞት ሸለቆ»፣ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ከላስ ቬጋስ ከተማ በመኪና የ2 ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አንዛ ቦሬጎ የተባለው የበረሃ ፓርክ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ 3 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በሁለቱም ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ለትምህርት ወደዚያ የሚሄዱ የሳይንስ ተማሪዎቻችንም ስላሉ፣ «አበባውን ለማየት መቼ እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የወር ስም ነው። በእኔ አስተያየት ግን ጉዞውን የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል። አንደኛው «ዝናቡ እንዴት ነበር?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የእኔ መሄድ በአበባው ላይ ምን ያስከትላል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙዎች እየለመዱት መጥተዋል። ሁለተኛው ግን ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘሩ የሚጠብቀው ዝናብ

ስለ በረሃ አበባ ስንናገር በአብዛኛው የምንናገረው በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበውና ዘር አፍርተው ስለሚሞቱ ዕፅዋት ነው። እንደ ቁልቋል ውሃ በአካላቸው አያከማቹም፤ ድርቁን የሚያሳልፉት በዘር መልክ አፈር ውስጥ ተኝተው ነው። ከእነዚህ አንዱ «የበረሃ ወርቅ» የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጄራኤያ ካኔሴንስ የተሰኘው ቢጫ አበባ፣ ከእኛው አደይ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው።

የበረሃውን ዘር ማንኛውም ጠብታ አያነቃውም። በ1940ዎቹ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪትስ ዌንት፣ ከበረሃው አፈር ወስዶ በቤተ ሙከራ ሰው ሠራሽ ዝናብ አዘነበበት። ዝናቡ አነስተኛ ሲሆን ዘሮቹ ሳይበቅሉ ቀሩ፤ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ ግን በቀሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ አፈሩ ከሥሩ ውሃ እንዲስብ ተደርጎ በሚገባ ሲርስ እንኳ ዘሮቹ አለመብቀላቸው ነው። የተሰጠው ማብራሪያ፣ በዘሩ ሽፋን ውስጥ መብቀልን የሚያግዱ ኬሚካሎች እንዳሉና እነዚህ ታጥበው የሚወጡት ከላይ ወደ ታች በሚወርድ በቂ ውሃ ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። በሌላ አነጋገር ዘሩ የዝናብ መለኪያ ይዞ ይወለዳል።

መለኪያው ሙቀትንም ይጨምራል። ከዚያው አፈር ቀዝቃዛ አየር ባለበት ክፍል የበቀሉት ዕፅዋትና ሙቀት ባለበት የበቀሉት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኝተዋል። በጸደይ የሚያብቡት የመብቀያ ዝናባቸውን የሚሹት በበልጋችን ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ከሚጀምርበት ከጥቅምት አንስቶ ባሉት ወራት ነው። የዝናብ ብዛት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ለመረዳት የቅርቡን ምሳሌ እንመልከት። በሞት ሸለቆ የዓመቱ አማካይ ዝናብ ከ60 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በነሐሴ 2023 ሂላሪ የተባለው ማዕበል ቅሪት በአንድ ቀን ብቻ 56 ሚሊ ሜትር ያህል አዝንቦበታል። ይሁን እንጂ በ2024 ጸደይ በሸለቆው የታየው አበባ በ2005 ወይም በ2016 ከታየው ጋር የሚተካከል አልነበረም። የአንድ ቀን ጎርፍ፣ ያውም በሐሩሩ ወር የወረደ፣ በየወሩ ተከፋፍሎ የሚጥልን የቅዝቃዜ ወራት ዝናብ አይተካም።

ዘሩን ሁሉ የማይዘራ ገበሬ

ትክክለኛው ዝናብ በጣለ ጊዜም ቢሆን ዘሮቹ ሁሉ አይበቅሉም። ይህ ስንፍና የሚመስል ጠባይ ጥልቅ ምክንያት አለው። አስተዋይ ገበሬ የጎተራውን እህል በሙሉ በአንድ ዓመት አይዘራም፤ ዝናቡ ቢቋረጥ ለከርሞ ምን ይዞ ይወጣል? በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳን ኮኸን በ1966 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አስተሳሰብ በሒሳብ አስቀምጦታል።

ነገሩን ለማቅለል ምናባዊ ቁጥሮች እንውሰድ። በመልካም ዓመት አንድ የበቀለ ዘር 10 ዘር ይሰጣል፤ በክፉ ዓመት የበቀለው ሁሉ ሳያፈራ ይደርቃል፤ ያልበቀለው ደግሞ አፈር ውስጥ በሕይወት ይቆያል እንበል። 100 ዘር ያለው አንድ ዝርያ ሁሉንም ቢያበቅል በመልካሙ ዓመት 1,000 ይሆናል፤ በሚከተለው ክፉ ዓመት ግን ዜሮ ይገባል፤ ከዜሮ የሚነሣ ደግሞ የለም። ግማሹን ብቻ የሚያበቅለው ዝርያ በመልካሙ ዓመት 550፣ በክፉው ዓመት 275 ይኖረዋል። በአንድ ዓመት ሲታይ ተሸናፊ ነው፤ በሁለት ዓመት ግን በሕይወት ያለው እርሱ ብቻ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በአሪዞና፣ ቱሳን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የበረሃ ቤተ ሙከራ ሎረንስ ቬነብልና የሥራ ባልደረቦቹ ከ1982 ጀምረው የእነዚህን ዕፅዋት መብቀልና ማፍራት በየዓመቱ ሲቆጥሩ ኖረዋል። በ2007 የታተመው ውጤታቸው እንዳመለከተው፣ ከዓመት ዓመት ምርቱ በብዙ የሚዋዥቅበት ዝርያ በአንድ ዓመት የሚያበቅለው የዘሩ ድርሻ አነስተኛ ነው።

ጎተራው የሚሞላበት ዓመት

ወደ ዋናው ቁም ነገሬ እነሆ ደረስን። በበረሃው አፈር ውስጥ ያለው ዘር ጎተራ ከሆነ፣ በብዙዎቹ ዓመታት ከጎተራው ወጪ እንጂ ገቢ የለም። አይጥና ጉንዳን ይበሉታል፤ ከፊሉ ያረጃል፤ ከፊሉ ያለጊዜው በቅሎ ይደርቃል። ጎተራው ዳግም የሚሞላው በእነዚያ ጥቂት መልካም ዓመታት ነው። በሞት ሸለቆ 1998፣ 2005ና 2016 እንዲህ ያሉ ዓመታት ነበሩ። ጋዜጠኞችና ጎብኚዎች «ሱፐርብሉም» የሚሉት ይህንኑ ታላቅ ፍካት ነው።

ሕዝቡ የሚጎርፈውም ልክ በዚሁ ዓመት ነው። በ2017 ጸደይ በአንዛ ቦሬጎ መካከል በምትገኘው ትንሿ የቦሬጎ ስፕሪንግስ ከተማ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ፣ ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት ምግብ እስከማለቅ ደርሶ ነበር። በመጋቢት 2019 ደግሞ በሌክ ኤልሲኖር ከተማ አጠገብ ባለው የዎከር ሸለቆ ኮረብታ ላይ የፈካውን ብርቱካናማ የፖፒ አበባ ለማየት በአንድ የዕረፍት ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ፤ ከተማዋም መግቢያውን ለጊዜው ለመዝጋት ተገደደች። በ2023 አበባው ገና ሳይፈካ አስቀድማ ዘጋችው። የዎከር ሸለቆ በረሃ ሳይሆን ደረቅ ኮረብታ ቢሆንም ችግሩ አንድ ነው። ፎቶግራፍ ለመነሣት በአበባው መካከል የሚተኛ ሰው የሚደፈጥጠው የዛሬውን አበባ ብቻ አይደለም፤ ዘሩ ገና ስላልደረሰ ለሚቀጥሉት የድርቅ ዓመታት የታሰበውን ስንቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በረሃው እጅግ ሰፊ ነው፤ የሰው እግር የሚደርሰው ከሺህ አንዱን እንኳ አይሆንም ይባላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በበረሃው ሁሉ እኩል አይበተንም፤ በመኪና መንገድ ዳር ባሉ ጥቂት ሜዳዎች ላይ ይከማቻል። እነዚህ ሜዳዎች ደግሞ ሌላ ጠላትም የሚገባባቸው ናቸው። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው የሰሃራ ሰናፍጭ በ1920ዎቹ በካሊፎርኒያው የኮቼላ ሸለቆ ታየ፤ ከቴምር ተክል ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረም ይገመታል። ይህ አረም ከአገሬው ዕፅዋት ቀድሞ በቅሎ ውሃውንና ብርሃኑን ይሻማል፤ አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩ ሲረጥብ ስለሚያጣብቅ በመኪና ጎማና በጫማ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል። ፓርቴኒየም የተባለው አረም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ማሳና ግጦሽ ላይ ያደረሰውን ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጎብኚው ጎተራውን መርገጡ ሳያንስ፣ ሳያውቅ የሌላ ዘር ይጨምርበታል።

ምን ዓይነት ጉዞ እናቅድ?

አንዳንዶች መፍትሔው በሩን መዝጋት ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አበባውን ያላየ ትውልድ ስለ አበባው የሚቆረቆርበት ምክንያት አይኖረውም። በሌላ በኩል መንገዱን ለሁሉም ወለል አድርጎ ከፍቶ መተውም ውጤቱ ታይቷል። የተሻለው፣ በታላላቆቹ የፍካት ዓመታት በተመረጡ ሜዳዎች የዕለቱን ጎብኚ ቁጥር መወሰንና አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ኃላፊነቱ የእያንዳንዱ ተጓዥ ነው።

እቅዱ የሚጀመረው በጥቅምት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናቡ ተከፋፍሎ መጣሉን፣ ከዚያም ቡቃያውን የሚያደርቅ ብርቱ ነፋስ አለመንፈሱን መከታተል ያስፈልጋል። ቦታ ሲመረጥ ከፍታ ወሳኝ ነው፤ በሞት ሸለቆ አበባው ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በዝቅተኛው ሥፍራ፣ በሚያዝያ ከ900 እስከ 1,500 ሜትር ባለው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዚህም ከፍ ባለው ተዳፋት ላይ ይፈካል። ስለዚህ የዘገየ ሰው ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ ወደ ተራራው ቢወጣ ይሻለዋል። ሰዓቱም ይመረጥ፤ የፖፒ አበባ በብርድና በደመና ጊዜ ይከደናል፤ በአሸዋው ላይ የሚበቅለው ነጩ የምሽት አበባ ደግሞ ሲመሽ ተከፍቶ በማግሥቱ ረፋድ ይጠወልጋል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ መያዝ፣ ነዳጅ ሞልቶ መነሣትና መንገዱን የሚያሳይ የወረቀት ካርታ መያዝ የግድ ነው፤ በብዙው ሥፍራ ስልክ አይሠራም።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። በመጀመሪያ ከተረገጠ መንገድ አለመውጣት ነው። በአበቦቹ መካከል ባዶ የሚመስለው አፈር በሳያኖባክቴሪያና በላይከን የተያያዘ ስስ ቅርፊት ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ እርምጃ የተሰበረው ቅርፊት ለመጠገን አሥርተ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጉዞ በፊትና በኋላ ጫማንና ጎማን ማጽዳት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለብዙዎች የሚከብድ ነው፤ ታላቁን ፍካት ብቻ አሳድዶ አለመሄድ። በመጠነኛ ዓመት የሚሄድ ሰው ሕዝብ አይጋፋውም፤ ጊዜ ወስዶም ማስተዋል ይችላል። በአንዛ ቦሬጎ የአበባውን ቅጠል የሚበሉ የእሳት ራት እጮች ሲበዙ፣ ከአርጀንቲና ወደ ሰሜን የሚመለሱት የስዌንሰን ጭልፊቶች እነርሱን ለመመገብ በጸደይ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። ይህን ለማየት ምድር ሁሉ ምንጣፍ መምሰል የለባትም።

ምንም አበባ ያልታየበት ጉዞስ? ያም ቢሆን ከንቱ አይባልም። ተጓዡ በቆመበት ደረቅ አፈር ውስጥ ያለፈው መልካም ዓመት ዘር ተኝቷል። ምናልባት የሚነቃው ልጆቹ በሚመጡበት ዓመት ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ የሚፈለግበት በመንገዱ ሄዶ በመንገዱ መመለስ ነው።