ኮንጁጌሽንን በሥዕል ብቻ አንማረው

ስለ ባክቴሪያ ኮንጁጌሽን ስንጠየቅ ሁላችንም የምንሥለው ያው ነው። ሁለት ሞላላ ሴሎች፣ በመሀላቸው ፓይለስ፣ ክብ ፕላዝሚድና አንድ ቀስት። ከፈተናው በኋላ ግን ማን ያስታውሰዋል? ይህ ትምህርት ከደብተር ወጥቶ ላቦራቶሪ መግባት አለበት እላለሁ።

ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም ባክቴሪያዎች ጂን እንደሚለዋወጡ ያሳዩት በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ተቅማጥ የሚያስከትለው ሺጌላ ሰልፋን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ክሎራምፌኒኮልን በአንዴ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። አራት ሚውቴሽን በየተራ ተከስቶ ነው እንዳይባል ያስቸግራል። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይን ከሺጌላ ጋር ሲቀላቅሉ የመቋቋም ባሕርዩ አንድ ላይ ተሻገረ።

እንግዲህ አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖር ባክቴሪያ ራሱ ባያሳምመንም ጂኑን ለሚያሳምመው ሊያቀብል ይችላል ማለት ነው። ለጉንፋን ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን የሚውጥ ሰው «የገዛ ሰውነቴ ነው፣ ማን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ያገባናል እንጂ! አንቲባዮቲኩ የሚሞተውን ገድሎ የሚቋቋመውን ያስቀራል፤ የቀረው ይራባል፣ ፕላዝሚዱንም ለሌሎች ያካፍላል።

ሙከራው ከባድ አይደለም። ለማስተማሪያ የተዘጋጁ፣ በሽታ የማያመጡ ሁለት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ይበቃሉ። አንዱ በፕላዝሚዱ ቴትራሳይክሊንን፣ ሌላው በክሮሞዞሙ ስትሬፕቶማይሲንን ይቋቋማል። ሁለቱም መድኃኒቶች ባሉበት ፔትሪ ዲሽ ላይ ለየብቻቸው አይበቅሉም። ለተወሰነ ጊዜ ተቀላቅለው ከቆዩ በኋላ ሲዘሩ ግን በማግስቱ ኮሎኒ ይታያል። ፕላዝሚዱ ተሻግሯል ማለት ነው።

«መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ መፍጠር አደጋ የለውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ የተሠራበት ሁሉ ከመጣሉ በፊት በአውቶክሌቭ መምከን አለበት፤ አውቶክሌቭ ካልሠራ ሙከራውም ይቅር። ሲሠራ ግን ምን ያግደናል?

ነገ ከመካከላችን መምህር የሚሆን፣ የጤና ላቦራቶሪ የሚገባም አለ። ጎረቤቱ «የተረፈ አንቲባዮቲክ የለህም?» ብሎ ሲመጣ፣ ያንን ፔትሪ ዲሽ በዓይኑ ያየ ሰው ለምን እምቢ እንደሚል ያውቃል፤ ማስረዳትም አያቅተውም። ሥዕሉን ለፈተና የሸመደደ ግን ይህን ይችላል ብዬ አላምንም።