ግሪን ካርዱ በሂደት ላይ እያለ ኤች ዋን ቢውን ማራዘም፦ ወጪ ነው ወይስ ዋስትና?

ሰሞኑን ሜሪላንድ ከሚኖር አንድ ወንድማችን ጋር በስልክ አወራን። የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ። ስድስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የግሪን ካርድ ማመልከቻው ገብቷል፣ አሻራ ሰጥቷል፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱም ኪሱ ውስጥ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ታዲያ "ካርዱ ካለህ ለቪዛ ማራዘሚያ ለምን እንከፍላለን?" ብሎታል። "እውነታቸውን ነው እንዴ?" አለኝ።

በአጭሩ ልመልስ፦ ለድርጅቱ እውነት ነው፣ ለእሱ ግን አይደለም። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሕጉንና መመሪያዎቹን ሳገላብጥ የተረዳሁትን ነው የማካፍላችሁ። በተለይ ከ2025 ወዲህ የወጡት ለውጦች ሲደመሩ የዚህ ጥያቄ መልስ ድሮ ከነበረው ተቀይሯል።

◾ ስድስት ዓመቱና ሁለቱ በሮች

ኤች ዋን ቢ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ቪዛ ነው። መጀመሪያ እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል፣ ስድስት ዓመት ሲሞላ በቃ። ከሌሎች ጊዜያዊ ቪዛዎች የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ተማሪ ወይም ጎብኚ "እዚሁ ልቀር አስቤያለሁ" ካለ ቪዛውን ይከለከላል። ኤች ዋን ቢ ያለው ሰው ግን በአንድ በኩል ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል የግሪን ካርድ አመልካች መሆን ይችላል። ሕጉ ይፈቅድለታል።

ችግሩ ስድስት ዓመቱ ቋሚ ሲሆን ወረፋው ግን ቋሚ አለመሆኑ ነው። በሥራ በኩል የሚሰጠው ግሪን ካርድ በዓመት 140 ሺህ ገደማ ነው፤ ያውም ሚስትና ልጆች ተቆጥረው። ከዚህ ላይ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ገደብ አለ። የሚታየው ደግሞ የትውልድ አገር እንጂ ፓስፖርት አይደለም። ሕንድ ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

ኮንግረስ ይህን አይቶ በ2000 አንድ ሕግ አወጣ፣ ፕሬዝዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። ሕጉ ከስድስት ዓመት በላይ ለመቆየት ሁለት በሮች ከፈተ፦

1. የሥራ ገበያ ማረጋገጫው (ፐርም የሚሉት) ወይም አሠሪው የሚያስገባው አይ 140 ከገባ 365 ቀን ካለፈው፣ አንድ አንድ ዓመት እየተባለ ይራዘማል።

2. አይ 140 ጸድቆ፣ ግን በአገር ኮታ ምክንያት ተራ ካልደረሰ፣ እስከ ሦስት ዓመት ይራዘማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሰው ወረፋው ላይ "ሌሎች አገሮች" በሚለው ረድፍ ውስጥ ነው የሚገባው። እንደ ሕንዶቹ ባይረዝምም ያ ረድፍም ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ተራው ደርሶ አይ 485 ያስገባ ሰው ደግሞ ባብዛኛው የሚያገኘው የመጀመሪያውን በር ነው፤ የአንድ ዓመቱን። ተራ ደርሶ ዓመት ሙሉ ሳያመለክቱ መቀመጥም ይህንኑ በር ሊያዘጋ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱን ነው። 365 ቀን ማለት ሂደቱ ከአምስተኛው ዓመት ማብቂያ በፊት መጀመር አለበት ማለት ነው። ፐርም ከመግባቱ በፊት የሥራ ማስታወቂያ ማውጣት፣ የደመወዝ ግምት ማስወሰን የሚባሉ ወራት የሚፈጁ ደረጃዎች አሉ። ስለዚህ "አራተኛው ዓመት ላይ እናየዋለን" የሚል አሠሪ ካላችሁ ቀኑን ቁጠሩለት። ከአሜሪካ ውጭ ያሳለፋችኋቸው ቀናት ደግሞ ከስድስቱ ዓመት ላይ አይቆጠሩም፤ በማስረጃ ይመለሳሉ። የቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ።

◾ "በሂደት ላይ ነው" ማለት ሕጋዊ አቋም አይደለም

ዋናው ነጥብ ይኼ ነው። አይ 485 ያስገባ ሰው ውሳኔ እስኪሰጠው እንዲቆይ ይፈቀድለታል። ግን ፈቃዱ የቆመው ማመልከቻው ላይ ነው። ማመልከቻው ከወደቀ ፈቃዱም አብሮ ይወድቃል። ኤች ዋን ቢ ግን በራሱ እግር የቆመ አቋም ነው። ግሪን ካርዱ ቢከለከል ሰውዬው በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ ስህተቱን አስተካክሎ እንደገና ያመለክታል።

ባለቤቱ በኤች ፎር ቪዛ ከሆነችም የእሷ አቋም የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። እሱ ኤች ዋን ቢውን ሲጥል እሷም ታጣለች።

◾ ከ2025 ወዲህ ምን ተቀየረ?

ድሮ ብዙ ጠበቆች "የሥራ ፈቃድ ካርዱ ካለህ አትጨነቅ" ይሉ ነበር። ያንን ምክር ያረጁ ሦስት ለውጦች አሉ።

አንደኛ፣ በየካቲት 2025 መጨረሻ የስደተኞች አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) አዲስ መመሪያ አወጣ። ማመልከቻው የተከለከለና ሌላ ሕጋዊ አቋም የሌለው ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ እንዲጻፍለት የሚያዝ ነው። ከክልከላ በኋላ ያለው መንገድ አጠረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራ ፈቃድ ካርድ ለማሳደስ በጊዜው ያመለከተ ሰው የድሮው ካርድ በራሱ እስከ 540 ቀን ይራዘምለት ነበር። ከጥቅምት 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚገቡ ማሳደሻዎች ይህ ባብዛኛው ቀርቷል። አዲሱ ካርድ ሳይመጣ አሮጌው ካለቀ በዚያው ቀን ሥራ ይቆማል። በኤች ዋን ቢ በኩል ግን ማራዘሚያው ጊዜው ሳያልፍ ከገባ፣ መልሱ እስኪመጣ እስከ 240 ቀን መሥራት ይቻላል። ቸኩያለሁ ለሚል አሠሪም ከፍሎ በ15 የሥራ ቀን መልስ የሚያገኝበት አሠራር አለ።

ሦስተኛ፣ በታህሳስ 2025 የካርዱ ዕድሜ ራሱ አጠረ። ለግሪን ካርድ አመልካቾች እስከ አምስት ዓመት ይሰጥ የነበረው ወደ 18 ወር ወርዷል። ቶሎ ቶሎ ማሳደስ፣ ቶሎ ቶሎ ለክፍተት መጋለጥ።

"ያ 100 ሺህ ዶላሩስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በመስከረም 2025 የወጣው የፕሬዝዳንት ትራምፕ አዋጅ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በኋላ በወጣው ማብራሪያ መሠረት ግን ክፍያው በዋናነት ውጭ አገር ላሉ ሰዎች የሚቀርብ አዲስ ማመልከቻን ነው የሚመለከተው። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ በሕጋዊ አቋም ላይ እያለ የሚያራዝምን ሰው አይመለከትም። ግን ተገላቢጦሹን አስቡት። ኤች ዋን ቢውን ዛሬ የጣለ ሰው ነገ ከውጭ ሆኖ ልመለስበት ቢል ዋጋው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ይታያችኋል።

◾ አገር ቤት ደርሶ መምጣትስ?

ወንድማችን እናቱን ካየ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ደሴ ናቸው፣ ስኳሩ እየጸናባቸው ነው።

አይ 485 ያስገባ ሰው የጉዞ ፈቃድ (አድቫንስ ፓሮል) ሳይይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ኤች ዋን ቢ ያላቸው ከዚህ ነፃ ናቸው፤ በዚያው ቪዛ ከተመለሱ ማመልከቻው አይነካም። ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማህተም ያላለቀ መሆን አለበት። ካለቀ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ መሰለፍ ነው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆኑ ተደርጓል። ስለዚህ ሁለቱንም፣ ኤች ዋን ቢውንም የጉዞ ፈቃዱንም፣ ይዞ መንቀሳቀስ ይሻላል። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ደግሞ ጠበቃ።

◾ ቁልፉ የማን እጅ ላይ ነው?

እኔን ያስቆጨኝ ነገር ይኼ ነው። ኤች ዋን ቢን ማራዘም የሚችለው አሠሪው ብቻ ነው። ሠራተኛው ለራሱ ማመልከት አይችልም፣ አሠሪውም እንዲያራዝም አይገደድም። ከሥራ ከተባረረ ደግሞ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ እንኳ የሚፈራ ሰው የምታውቁ ከሆነ ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው።

ቢሆንም ባዶ እጁን አይደለም። አይ 485 ከገባ 180 ቀን ካለፈው በተመሳሳይ የሥራ ዘርፍ አሠሪ መቀየር ይችላል። አይ 140 ከጸደቀ 180 ቀን ካለፈው ደግሞ አሠሪው "ሰርዣለሁ" ቢል እንኳ ለኤች ዋን ቢ ማራዘሚያ ያገለግላል። ሌላ አሠሪም በእሱ ተጠቅሞ ሊያራዝምለት ይችላል። ወጪውን በተመለከተም ሕጉ ሠራተኛው ላይ እንዳይጫን በግልጽ የከለከለው ክፍያ አለ። "ከደመወዝህ እንቆርጣለን" የሚል ከመጣ ሳትፈርሙ ጠይቁ።

ለድርጅቱ ይህ የጥቂት ሺህ ዶላር ጉዳይ ነው። ለሠራተኛው ስድስት ዓመት የገነባው ኑሮ ነው። ወንድማችን ይህንኑ ለድርጅቱ በኢሜይል ጽፎላቸዋል፤ ባመለጣቸው ቋንቋ ሳይሆን በሚገባቸው፦ "የሥራ ፈቃድ ካርዴ ቢዘገይ ያን ቀን ሠራተኛ ታጣላችሁ" ብሎ። መልስ እየጠበቀ ነው። ቀኑ ግን እየሄደ ነው፤ ማራዘሚያው ጊዜው ከማለቁ በፊት ካልገባ ከላይ ያልኩት 240 ቀን አይሠራለትም።

እናንተም ስድስተኛ ዓመታችሁ መቼ እንደሚሞላ ዛሬውኑ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ካወቃችሁም አድርሱለት።