የተቃጠለ ፊውዝ ምስክር ነው፦ ስለ ልብስ ማድረቂያ ማሽን አጠባበቅ

በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥገና ረገድ በአገራችን ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በመዳብ ሽቦ ተክቶ ኤሌክትሪኩን መመለስና «ተሠራ» ብሎ መሄድ ነው። በሠራተኞች አነጋገር «ዳይሬክት ማድረግ» ይባላል። ሽቦው በቀላሉ ስለማይቃጠል ከፊውዙ የተሻለ ይመስላል። ፊውዙ ለምን እንደ ተቃጠለ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ስለሚሆንበት አንድ የቤት ዕቃ፣ ማለትም ስለ ልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ ያለንን አስተያየት ለአንባቢያን ልናቀርብ እንወዳለን።

«ፀሐይ ሞልቶልን ይህ ማሽን ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሆኖም በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ማድረቂያው የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። ከዚያ የሚመለሱትም ንብረታቸውን በኮንቴይነር ሲጭኑ ማሽኑን አብረው ማምጣታቸው አይቀርም።

በመጀመሪያ የማሽኑን የሥራ መጠን እናስላ። አራት ኪሎ ግራም ደረቅ ልብስ ታጥቦ ከተጨመቀ በኋላ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ውኃ ይዞ ወጣ እንበል። አንዱን ኪሎ ግራም ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ የፊዚክስ ተማሪ ሥውር ሙቀት የሚለው ነው። ሁለቱ ኪሎ 4.8 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ ማለት ነው። ከበሮውን፣ ልብሱንና የሚወጣውን አየር በማሞቅ የሚባክነው ሲታከልበት ፍጆታው ከሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይደርሳል። በአሜሪካ የተለመደው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ 5,000 ዋት ገደማ ይስባል፤ ከእንጀራ ምጣዳችን ይበልጣል። (ውኃን በማሽከርከር መጭመቅ ከማትነን እጅግ የረከሰ ስለሆነ፣ የማድረቂያውን ሸክም ለመቀነስ የሚሻ ሰው ማጠቢያ ማሽኑ በደንብ እንዲጨምቅ ቢያደርግ ያተርፋል።)

ይህ የስሌቱ ግማሽ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ግማሽ፣ የተነነው ውኃ የት እንደሚሄድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 17 ግራም ያህል የውኃ ተን ሲይዝ ይጠግባል፤ በ50 ዲግሪ ግን እስከ 83 ግራም ይይዛል። የጠገበው አየር ከከበሮው ወጥቶ በአዲስ አየር ካልተተካ ልብሱ በሙቅ ተን ውስጥ ይንገላታል እንጂ አይደርቅም። ስለሆነም ማሽኑ ከማሞቂያው እኩል፣ እንዲያውም በበለጠ፣ በአየር መንፊያው ይኖራል።

አሁን አየሩ የሚወጣበት ቱቦ ቢደፈን ምን እንደሚሆን እንመልከት። 5,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በደቂቃ 4.5 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍበት የአየሩን ሙቀት በ55 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ የገባው አየር በ75 ዲግሪ ወደ ልብሱ ይደርሳል ማለት ነው። የአየሩ ፍሰት በግማሽ ሲቀንስ ጭማሪው እጥፍ፣ 110 ዲግሪ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ቴርሞስታቱ ጣልቃ እየገባ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ያበራል፣ መልሶም ያጠፋል። ውጤቱ ለተመልካች እንቆቅልሽ ነው፤ ማሽኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ልብሱ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላም እርጥብ ነው። ባለቤቱ «ማሞቂያው ደከመ» ብሎ አዲስ ያስገባል። አዲሱ ማሞቂያም በተደፈነው ቱቦ ፊት ለፊት ያንኑ ይደግማል።

ቱቦውን የሚደፍነው ላንፋ፣ ማለትም ከልብሱ የሚረግፈው ለስላሳ የክር ብናኝ ነው። ወንፊቱ አብዛኛውን ይይዛል፤ የቀረው አልፎ በእርጥቡ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ላንፋ እሳት ለመቀበል ከገለባ አያንስም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ መርምሮ ባወጣው ግምት መሠረት፣ በልብስ ማድረቂያ ምክንያት በየዓመቱ 2,900 ያህል የቤት ቃጠሎዎች ይነሡ ነበር፤ 5 ሰዎች ይሞታሉ፣ 100 ያህሉ ይጎዳሉ። በቀዳሚ ምክንያትነት የተመዘገበው፣ 34 በመቶውን የያዘው፣ ማሽኑን አለማጽዳት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 በምዕራብ ለንደን አንድ ባለ 18 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ቃጠሎ ያስነሳውም ልብስ ማድረቂያ ነበር።

እንግዲህ ፊውዙ የተቀመጠው በዚህ መካከል ነው። እንደ ማሽኑ ዓይነት ቢለያይም፣ በብዙዎቹ በአየር መውጫው በኩል ሙቀቱ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ የሚቀር የሙቀት ፊውዝ አለ። በአንዳንዱ ማሞቂያውን ብቻ፣ በአንዳንዱ ሞተሩንም ጭምር ያቆማል። ከቤት ፊውዝ የሚለየው የሚጠብቀው ሙቀትን እንጂ የኤሌክትሪክ ፍሰት ብዛትን አለመሆኑ ነው። ተቃጥሎ ሲገኝ የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ አየሩ መውጫ አጥቷል፣ ወይም ከእርሱ በፊት ሊቆጣጠር የሚገባው ቴርሞስታት ተበላሽቷል። ምስክሩን አስወግዶ በሽቦ መተካት ቃጠሎውን የሚጠብቅ አንድም ዘበኛ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን በአንድ ዓመት ውስጥ ፊውዙን ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ሦስተኛው ጠጋኝ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» ብሎ ዳይሬክት ሊያደርገው ሲል ደርሰን ወደ ውጭው ግድግዳ ዞርን። በቱቦው አፍ ላይ ወፍ እንዳይገባ የተገጠመ የሽቦ ወንፊት በግራጫ ላንፋ እንደ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ በዚህ ቦታ ወንፊት መግጠምን የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወንፊቱ ተነሥቶ፣ ቱቦው ተጠርጎ፣ አዲስ ፊውዝ ከገባ በኋላ ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በ45 ደቂቃ አለቀ።

በእኛ አስተያየት ለምርመራ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ ቴስተር ወይም ካቻቢቴ ሳይሆን የእጅ ሰዓት ነው። አንድ የተለመደ ጭነት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ቤተሰብ ብልሽቱን ፊውዙ ሳይቃጠል በፊት ያውቃል። ጊዜው መርዘም ሲጀምር ማሽኑ እየሠራ ወደ ውጭ ወጥቶ በቱቦው አፍ ላይ እጅን መዘርጋት ነው፤ ክዳኑ በደንብ ካልተከፈተና ነፋሱ ከደከመ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ቀጥሎ ቱቦውን ከማሽኑ ጀርባ ነቅሎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ አንድ እርጥብ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ መሞከር ይቻላል። በዚህ ጊዜ በፍጥነት ከደረቀ ጥፋተኛው ቱቦው ነው፤ ካልሆነ ወንፊቱን ወይም የአየር መንፊያውን መመርመር ይገባል። ይህ ሙከራ ለኤሌክትሪክ ማሽን ብቻ ነው። በጋዝ የሚሠራው ቱቦው ተነቅሎ በፍጹም መነሣት የለበትም፤ የሚገድለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ ቤት ይገባልና።

ወንፊቱ በእያንዳንዱ ጭነት መጽዳት አለበት። ንጹሕ መስሎ የሚታይ ወንፊትም የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ በሚተወው ቅባት ሊደፈን ይችላል። ውኃ አፍስሰንበት ሳያልፍ ከላይ ከቆመ አየሩንም እያገደ ስለሆነ በሳሙናና በብሩሽ መታጠብ ይሻል። ቱቦው ጠንካራና ውስጡ ልሙጥ የሆነ ብረት ይሁን፤ የሚጨማደደው ፕላስቲክ ላንፋ ያጠራቅማል፣ ሲቃጠልም እሳቱን ያስተላልፋል። ርዝመቱን በተመለከተ ያው የአሜሪካ ደንብ 10.7 ሜትር ገደማ ይፈቅዳል፤ በእያንዳንዱ የማዕዘን ክርን ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይቀንሳል።

የቀሩት ብልሽቶች ቀላል ናቸው። ሞተሩ እየጮኸ ከበሮው ካልዞረ ቺንጋው ተበጥሷል። የሚያፏጭ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ መንኮራኩሮቹንና ኩሽኔታውን ማየት ነው። ልብሱ ሳይደርቅ ማሽኑ «ጨርሻለሁ» ብሎ የሚቆም ከሆነ በከበሮው ውስጥ እርጥበት የሚለኩትን ሁለት የብረት ዘንጎች በአልኮል መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአሜሪካ ደግሞ ማሞቂያው የሚሠራው በሁለት የ120 ቮልት መስመሮች ሲሆን ሞተሩ አንዱ ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከበሮው እየዞረ ሙቀት ከሌለ ማሽኑን ከመፍታት በፊት ብሬከሩን ማየት ይገባል። ማሽኑን የሚከፍት ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሶኬቱን ይንቀል።

ላንፋ ብቻውን አይደለም የሚያቃጥለው። እንደ ኑግ ያሉ ዘይቶች ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐዱ ሙቀት ያመነጫሉ፤ ጨርቁ ከማድረቂያ ወጥቶ በሙቀቱ ሲከመር ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ክምሩ ከራሱ ሊነድ ይችላል። ስለሆነም የምጣድ ማሰሻ ጨርቅና ዘይት የጠጣ የወጥ ቤት ፎጣ ማድረቂያ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ መታጠብ ዘይቱን ሁሉ አያስለቅቅምና።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከአሜሪካ የመጣው ማሽን የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ በ50 ኸርዝ ሞተሩ ከስድስት እጅ በአምስቱ ፍጥነት ይዞራል፣ የሚነፋው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ሲባዙ በማሞቂያው ላይ የሚያልፈው የአየር ክብደት ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። የማሞቂያው ኃይል በ240 ቮልት ፈንታ 220 ሲያገኝ 84 በመቶ ላይ ይቆማል። በደቂቃ 4.5 ሜትር ኩብ ብለን በጀመርነው ስሌት የሙቀቱ ጭማሪ ከ55 ወደ 72 ዲግሪ ያድጋል። ቱቦው ገና አዲስና ንጹሕ ሳለ ማሽኑ አንድ ሦስተኛ ያህል አብልጦ ይግላል ማለት ነው። ሞተሩም የሚፈልገው 120 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ሳይኖረው ከግድግዳው ጋር ማገናኘት አይገባም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ፊውዙ ቢደጋገም የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሽቦ ቢተካ ግን ያስፈራል። ስለዚህ ማሽኑን ውቅያኖስ አሻግሮ ከማምጣት እዚያው ሸጦ፣ ካስፈለገ ለ50 ኸርዝ የተሠራ መግዛት ይሻላል እንላለን። ካስፈለገ ማለታችንም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር የልብስ ማስጫ ገመድ ያንኑ ሥራ በነጻ ስለሚሠራ ነው። ማሽኑ በእውነት የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ ይመስለናል።

ጠጋኞቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። ደንበኛው የሚከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቱቦ ሲመረምር ለቆየ ባለሙያ ለመክፈል የሚፈቅድ ጥቂት ነው። ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ደመወዝ በማያገኝበት ገበያ ሽቦ መቀጠል ይነግሣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን በገዛ ቤታችን ያለው ነው። ተማሪዎቻችን የሥውር ሙቀትን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ በሚገባ ይጽፋሉ፤ የተቃጠለ ፊውዝ በእጃቸው ሲሰጣቸው ግን ከማንኛውም የሰፈር ጠጋኝ የተለየ ጥያቄ አያነሡም።

ለዚህ ማድረቂያ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። አንድ ተራ የፀጉር ማድረቂያ፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ካርቶን ይበቃሉ። አየር የሚገባበትን ጀርባ በመምህሩ ፊት በጥቂቱ እየከደኑ የሚወጣውን አየር ሙቀት መመዝገብ፣ በወረቀት ላይ መንደፍ፣ ማሞቂያው በራሱ ጊዜ ሲጠፋ በየትኛው ዲግሪ እንደ ሆነ ማስተዋል ነው። ዕቃዎቹን ፋኩልቲው አያጣም፤ የጎደለው በቤተ ሙከራው መርሐ ግብር ውስጥ የሁለት ሰዓት ቦታ ነው።