ቅዳሜና እሁድ ከግቢ ውጭ

ከደብረ ብርሃን አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ እናቴ በስጋት አለቀሰች። የዶርም ጓደኛዬ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ይዞኝ ሄደ። እናቱ እጄን አስታጥበው፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡና «ብላ ልጄ» አሉኝ። ማታ ማንጎው ሥር ተቀምጠን፣ በልጅነታቸው ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ እንዳደጉ አጫወቱኝ። ለእናቴ ደውዬ አገናኘኋቸው፤ ሁለቱ እናቶች ተመራርቀው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በሰላም ትተኛለች።

በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበት ክልል ዓመታት ቆይቶ፣ ከዶርም ካፌ ሲመላለሱ መመረቅ ያሳዝናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር በቃል ኪዳን ያስተሳስራል። ይህ በየዩኒቨርሲቲው ይለመድ። የአሶሳ ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ ከሩቅ ለመጣ አንድ ተማሪ በራችሁን ክፈቱ።