ጤናችን፦ አራሷ ለምን ታለቅሳለች?

ዛሬ የምናነበው ስለማይታይ በሽታ ነው። ቁስል የለውም። ትኩሳት የለውም። ግን ሰው ይጥላል።

አንዲት ሴት ወለደች እንበል። እልል ተባለ። ገንፎ ተገነፋ። ጎረቤት መጥቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። እሷ ግን ደስ አላላትም። ሌሊት ሕፃኑ ተኝቶ እሷ አትተኛም። እህል አስጠላት። ልጇን እያየች «እኔ እናት መሆን አልችልም» ትላለች። ይህንንም በልቧ እንጂ ለሰው አትናገርም። «ልጅ ተሰጥቷት ታማርራለች» እንዳይሏት ትፈራለቻ!

ብዙ ሴቶች ከወለዱ ከጥቂት ቀን በኋላ ሆድ ይብሳቸዋል፤ ያለቅሳሉ። ይሄ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከ2 ሳምንት አልፎ ካልለቀቀ ግን በሽታ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች «ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከወለዱ 100 ሴቶች 13ቱ ያህል የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል። አብዛኛውም ድባቴ ነው። በድሃ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። በሰፈራችን ዘንድሮ ስንት ሴት ወለደች? እስቲ እንቁጠር።

ድሮ ምን ይደረግ ነበር? በአገራችን «ጋኔን ለከፋት» ይባላል። ብረት ከራስጌዋ ይቀመጣል። ብቻዋንም አትተውም። አራስን ብቻዋን አለመተው መልካም ልማድ ነው። ሰው አጠገቧ ያድራል፤ አጥሚት ይቀርብላታል፤ ከሥራም ታርፋለች። ይሁን እንጂ የመጣው ሁሉ ሕፃኑን ስሞ ይሄዳል። እናቲቱን «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሷን የሚጠብቅ ስንቱ ነው?

በአውሮፓም የተሻለ አልነበረም። ከ100 ዓመት በላይ በፊት፣ በጠና የታመመች ወላድ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ትገባ ነበር። ልጇ እቤት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1858 ማርሴ የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪም ስለዚህ ሕመም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ። በሽታው ታወቀ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን አልተገኘም። በኤሌክትሪክ ማከም በ1938፣ የድባቴ ኪኒን ደግሞ በ1950ዎቹ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር፣ ካስል በተባለ ሆስፒታል አንድ አዲስ ነገር ተደረገ። ቶም ሜይን የተባሉ ሐኪም አንዲት በሽተኛ እናት ከልጇ ጋር እንድትተኛ ፈቀዱ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አብረው የሚታከሙባቸው ክፍሎች በየቦታው ተከፈቱ። እናት ልጇን እያጠባችና እያቀፈች ትታከማለች።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ፣ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት ተዘጋጀ። ወላዷ ያለፉት 7 ቀናት እንዴት እንደነበሩ ትጠየቃለች። ጥያቄው ወደ አማርኛ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሲሞከር ሠራ። በቡታጅራ ገጠር ግን ያን ያህል አልሆነም። እኛ አይደንቀንም። ሰው በሰፈሩ አነጋገር ካልተጠየቀ ምን ብሎ ይመልስ?

አሁን ወደ ፓኪስታን እንሂድ። በራዋልፒንዲ አካባቢ፣ በገጠር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴት የጤና ሠራተኞች አሉ። እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ሐኪሞች አይደሉም። ጥቂት ቀን ሠልጥነው፣ ድባቴ ወደያዛቸው እርጉዞች ቤት ሄዱ። ከመጨረሻው የእርግዝና ወር ጀምረው 16 ጊዜ ተመላለሱ። ምን አደረጉ? አዳመጡ። «አልችልም» የምትለዋን ዛሬ ምን እንደምትችል አብረው ፈለጉ። ስለ ምግቧ፣ ስለ ዕረፍቷ፣ ስለ ልጇ ተነጋገሩ። ቤተሰቡንም አስረዱ። ኪኒን አልሰጡም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ከወለዱ 6 ወር ሲሆናቸው፣ እንዲህ ከታገዙት ከ100 እናቶች 23ቱ ብቻ ድባቴ ነበረባቸው። ሌሎቹ እናቶችስ? እነሱም እኩል ጊዜ ተጎብኝተዋል። የጎበኟቸው ግን በዚህ ዘዴ አልሠለጠኑም። ከነሱ ከ100 53ቱ ገና ታመው ነበር። ስለዚህ ቡና ጠጥቶ መመለስ ብቻ አይበቃም። ልዩነቱ አነጋገሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ዘዴውን ለሌሎች አገሮች በመጽሐፍ አወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ለ14 ቀን የሚዋጥ ኪኒን ተፈቀደ። ዋጋው ግን አይቀመስም። ቀድሞ የነበሩት የድባቴ መድኃኒቶችም ይሠራሉ። «ጡት እያጠባች እንዴት ትወስዳለች?» የሚል አይጠፋም። እያጠቡ የሚወሰዱ አሉ። የሚመርጠው ሐኪም ነው። ከጎረቤት ኪኒን መዋስ ግን አይሆንም!

አራሷ 2 ሳምንት አልፎ ካልተሻላት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ፤ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዷት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች፣ ልጁን እጎዳለሁ ብላ ከፈራች፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ውሰዷት። እስክትደርስ ብቻዋን አትተዉአት። ባሏ ወይም እናቷ አብረዋት ይሂዱ። ሕፃኑንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ይጠባልና።