ሲባጎ፣ ካስማና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ

«ሒሳብ አይገባኝም» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት በሰፈራችሁ የቤት መሠረት የሚወጣበት ቦታ እንዳለ ተመልከቱ። ጂኦሜትሪ በዓይን የሚታየው እዚያ ነው።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ይጠብቃታል። የፓይታጎረስን ቀመር እንደ መዝሙር ትወጣዋለች፤ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ ግን ዝም። እኔን ያሳሰበኝ ውጤቷ ብቻ አይደለም። «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» ማለት ጀምራለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለች ልጅ ስንቱን ሙያ ሳታውቀው ትተወዋለች! እኛ ነርሶች እንኳ የግሉኮሱን ጠብታ በደቂቃ ስንት እንደሚወርድ አስልተን ነው የምንሰጠው።

ግቢያችን ውስጥ ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ሰርቪስ ቤት ስለምናሠራ፣ ግንበኛውን እንዲያሳያት ለመንኩት። ሲባጎ ወጠረ። ከጥጉ ካስማ ጀምሮ በአንዱ ሲባጎ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ለክቶ ምልክት አደረገ። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 እስኪሆን አንዱን ሲባጎ ገፋ፣ ሳብ አደረገ። «አሁን ስኩዌር ወጣ» አላት። ደብተሯን አወጣች፦ 60 በ60 ሲባዛ 3,600፣ 80 በ80 ደግሞ 6,400፤ ድምሩ 10,000፣ እሱም 100 በ100 ነው። ቀና ስትል ግንበኛው ሌላው ጥግ ደርሷል።

በመጨረሻ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሁለቱንም አቅጣጫ ለካ፤ ሁለቱም አምስት ሜትር።

«ጋሼ፣ ጎኖቹ ልክ ከሆኑ ይኼ ምን ያደርጋል?»

«ክፍሉ ይጣመምብሻላ! አልጋሽ ጥግ አይገባም።»

አላመነችውም። ማታ አራት እንጨት ጫፍና ጫፋቸውን በምስማር አያያዝንና ገፋ አደረገችው። የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ ቅርጹ ተንጋደደ። አምስተኛውን እንጨት ከጥግ ወደ ጥግ ስንመታበት አልነቃነቅ አለ። የጣሪያው እንጨት ለምን ሦስት ማዕዘን እየሆነ እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ወደ እኔ ሙያ የሚቀርበው መስኮቱ ነው። ቤቷን የምትከራየው ጨቅላ ያላት እናት ናት። የመስኮት ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አንድ አስረኛ ይሁን ተብለን ነው የተማርነው፤ ሳንባ ነቀርሳም ሌላውም የመተንፈሻ በሽታ የታፈነ ቤት ይወዳል። ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ መስኮቱ 1.2 ካሬ ይፈልጋል። የታሰበው ግን 50 በ60 ሳንቲ ሜትር ነበር። ልጅቱ አባዝታ 0.3 አገኘች፤ ከሚያስፈልገው ሩቡ ብቻ! ወረቀቱን ይዛ ለግንበኛው ያሳየችው ራሷ ናት። አሁን አንድ ሜትር በ1.20 ይሆናል። የብረቱ ዋጋ ጨመረ፤ ይጨምር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእናንተ ልጆች፦ የቤቷ ዙሪያ 14 ሜትር ነው። በዚያው 14 ሜትር ሲባጎ እንደ ጎጆ ክብ ብንሠራስ? ወለሉ ወደ 15.6 ካሬ ያድጋል። በምን ምክንያት? ይከራከሩበት።

ልጆቹን ግን መወጣጫው ላይ አታውጡ፤ ጫማ ያድርጉ፣ እርጥብ ሲሚንቶም በእጃቸው አይንኩ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ሲባጎ ላይ በእኩል ርቀት 13 ቋጠሮ ቋጥሩና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አገናኙ። በሦስት፣ በአራትና በአምስት ክፍተት ወጥራችሁ የሳሎናችሁን ጥግ ለኩት፤ ስኩዌር ያልወጣ ጥግ ብታገኙ አይግረማችሁ።