ስለ ቡና ጥላ ዛፍ ጥቅም

በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና በዋንዛ፥ በሳሳና በብርብራ ጥላ ሥር እንደሚለማ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዛፉ ግን ጥላ ከመስጠት በላይ ሌላ ሥራ አለው። ይኸውም ቅጠሉ በፀሐይ ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን የተቃጠለ አየር ስቦ፥ ከውሃ ጋራ አዋሕዶ፥ እንጨት ያደርገዋል፤ ከደረቅ ግንድ ክብደት እኩሌታው ያህል ካርቦን ነው።

በ2013 ዓ.ም. በአይስላንድ አገር በዓመት እስከ 4,000 ቶን የሚደርስ የተቃጠለ አየር እንዲይዝ የታሰበ መሣሪያ በብዙ ወጪ ተተከለ፤ ዋንዛው ግን ይህንኑ ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራልናል።

ዛሬ ወንድማማቾች የአባታቸውን የቡና መሬት በተካፈሉ ጊዜ ጥላውን ቈርጠው ጫት የሚተክሉ አሉ። እኛም ጫት ቶሎ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አንክድም። ነገር ግን ግንዱ ከሰል ሆኖ በነደደ ጊዜ በብዙ ዘመን የተሰበሰበው ካርቦን በጥቂት ቀን ወደ አየር ተመልሶ የዓለምን ሙቀት ይጨምራል፤ ቡና ደግሞ ብርቱ ሙቀት አይችልም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ መሬቱን ስታወርሱ ዛፉንም ቈጥራችሁ አስረክቡ። ያረጀውንም ለሣንቃ እንጂ ለከሰል አትስጡ፤ በስፍራውም ችግኝ ተኩበት።